ግማሽ ጎኗ የከሰለ መኪና

ወንድሜ መኪናዬን የሰባበራት በራሴ መዶሻ ነው። በርና መስኮት ስቀጠቅጥበት የኖርኩት፣ እጀታው በላቤ የጠቆረ መዶሻ። መጀመሪያ የፊት መስታወቷን አወረደው። ቀጥሎ በገዛ እጄ ላሜራ ቆርጬ የገጠምኩላትን በር መታ፤ ከዚያ ወደ ኮፈኗ ዞረ። ሞተሯ እየሠራ ነበር። ከወራት ልፋት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መነሣቷ ነው፤ ደስታዬን እንኳ በቅጡ አላጣጣምኩትም ነበር።

"ምን ሆነሃል?" ብዬ የጠየቅሁት እንዳይመስላችሁ። እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ እጄ ከአፌ ይቀድማል። እግሬ ሥር የነበረውን የክሪክ ብረት አነሣሁና ክንዱ ላይ አሳረፍኩት። አጥንት ሲሰበር ሰው እንደሚያወራው አይጮህም፤ እርጥብ የቡና እንጨት ሲቀነጠስ የሚሰማው ዓይነት ነው። መዶሻው ከእጁ ወደቀ፣ እሱ ግን አልወደቀም። በግንባሩ አፍንጫዬን መታኝና የተቃጠለ ዘይት በጠጣው መሬት ላይ አብረን ተንከባለልን። ትከሻዬን ነከሰኝ። አነቅሁት። ፊቱ ሲጠቁር እያየሁ አልለቀቅሁትም፤ ያን ሰዓት እንዲሞት ፈልጌ ነበር፣ ውሸት ምን ያደርጋል።

እናታችን ከጓሮ እየጮኸች መጣች። ቆጮ ስትቆርጥ ስለነበር ቢላዋውን እንደያዘች መሃላችን ገባች።

"እኔን ግደሉና ጨርሱት!" አለች። ጣቶቼን ከአንገቱ ላይ አንድ በአንድ ፈልቅቃ ካነሣች በኋላ ወደ እኔ ዞረች። "እኔ የወለድኩት ሁለት ነው። ይሄ ብረት አንዱን ከወሰደብኝ ሁለተኛውን አልፈልገውም። ሰምተኻል?"

ሰምቻታለሁ። እናቴ የማትፈጽመውን አትናገርም። አባታችን ከሞተ ጀምሮ በዚያ ግቢ የቀረነው ሦስታችን ነን፦ እሷ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ። እኔ ዲላ ዳር፣ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ላይ የብየዳ ቤት አለኝ፤ እሱ ባጃጅ ይነዳል። ስለምንመሳሰል ሰው ይሳሳትብናል። የእሱ ተሳፋሪዎች መንገድ ላይ እኔን አስቁመው "ባጃጇን የት ጣልካት?" ይሉኛል።

ስለ መኪናዋ ልናገር። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ቀይ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው የስፖርት መኪና ናት። አንድ የይርጋጨፌ ቡና ነጋዴ በጉብዝናው ዘመን ከኬንያ በሞያሌ በኩል ያስገባት ናት። ያኔ እኛ ልጆች ነበርን፤ አባታችን እዚያው ይርጋጨፌ ቡና ማጠቢያ ይሠራ ነበር። እኔና ወንድሜ ድምፅዋን ከሩቅ ለይተን እንሮጣለን። የጭነት መኪና ያጓራል፤ እሷ ግን ከሆዷ የሚወጣ የቁጣ ዜማ ነበራት። አቧራዋን እስክንጠግብ ከኋላዋ ሮጠን፣ ተጠላልፈን፣ ተገፋፍተን፣ ቦይ ውስጥ ወድቀን እንመለሳለን።

እንዲህ ያለችውን መኪና እንደ እኔ ያለ በር ሠሪ ሊገዛት የቻለው ስለተቃጠለች ነው። ከዓመታት በፊት አገሩ በተረበሸ ሰሞን የሰውየው መጋዘን ከነቡናው ሲነድ፣ ግቢ የቆመችው መኪናም በአንድ ጎኗ ነደደች። ማን አቃጠለ ብሎ የጠየቀ የለም። እንዲህ ያለውን ነገር ሆድ ይፍጀው ብለን ነው የምናልፈው። ሰውየው ግን ከተማውን ለቆ አልሄደም፤ ከፈረሰው መጋዘን ጀርባ በቀረችው ክፍል ይኖር ነበር።

ልገዛት ስሄድ ሊጨብጠኝ የእጁን አንጓ ዘረጋልኝ። እጁ እርጥብ አልነበረም፣ ምግብም እየበላ አልነበረም። የተጠየፈኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ፤ ስለ መኪናዋ ብዬ ዋጥኩት። ፊቴን ትክ ብሎ አየው።

"ወንድም አለህ?" አለኝ።

"አለኝ፣ ጋሼ።"

"ይመስልሃል?"

"መንታ ናችሁ ይሉናል።"

ከዚያ ካሰብኩት በታች የሆነ ዋጋ ጠራ። ብረታ ብረት የሚሰበስቡ ሰዎች ስንት ጊዜ ለምነውት እምቢ እንዳላቸው ሰምቼ ስለነበር ጆሮዬን አላመንኩም። ሽማግሌው አረጀ፣ ሞኝ አገኘሁ ብዬ በልቤ ፈነጠዝኩ።

"አንድ ነገር ቃል ግባልኝ" አለ። "ስትነሣ እዚህ በር ድረስ አምጣት። ድምፅዋን ልስማ።"

"ምን ችግር አለ፣ ጋሼ!"

በጭነት መኪና አስጎትቼ ወደ ዲላ ስወስዳት መሪዋን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ወናጎ ሳንደርስ ቁልቁለት ላይ ገመዱ ተበጠሰ። ፍሬን የላት፣ ያላት መሪ ብቻ ነው። የአንድ ሰው የእንሰት አጥር ጥሼ ገብቼ ቆምኩ። ስወጣ የመጀመሪያ ሥራዬ የጭነት መኪናውን ሾፌር በቦክስ መምታት ነበር። እሱም አልተኛልኝም። የአጥሩ ባለቤት ገጀራ ይዞ መጥቶ ሁለታችንንም ባያባርረን ኖሮ አንዳችን እዚያ እንቀር ነበር። የቀረውን መንገድ እኔና ሾፌሩ፣ እኔ በአበጠ ከንፈር፣ እሱ በአንድ ዓይን፣ ደህና ተግባብተን ጨረስነው።

ግቢ ስንገባ የሠፈር ሰው ተሰብስቦ ሲስቅ ወንድሜ ከባጃጁ ወረደ። መኪናዋን ሲያያት አመዱ ቡን አለ።

"ከየት አመጣሃት?" አለ።

"ረሳሃት እንዴ? ያቺ የይርጋጨፌዋ! ና ግፋ!"

አልገፋም። ተፋና ወጥቶ ሄደ።

ብረት አውቃለሁ፤ ሞተር አላውቅም ነበር። ያልቆረጥኩት ጣት፣ ያላቃጠልኩት ቆዳ የለም። የቀለጠ ሽቦ እየጎተትኩ፣ የከሰለ ላሜራ እየገነጠልኩ፣ የማላውቀውን ብሎን በማላውቀው ቁልፍ እየታገልኩ፣ እየተሳደብኩ ነው የተማርኩት። እናቴ ሸራ ለቡና እንጂ ለመኪና አይደለም ብላ፣ ሲዘንብ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ትሸፍናታለች። ጧት ስገልጣት ለመበላት የደረሰች ቆጮ ትመስላለች። በዚህ ብቻ ነበር የምስቀው።

ከወንድሜ ጋር ግን ሰላም አጣሁ። የተቃጠለውን ጎኗን በእሳት በነካሁ ቁጥር ያ የቆየ የቃጠሎ ሽታ እንደ አዲስ ይወጣል። ወንድሜ ሽታው ሲደርሰው ከቤት እየሮጠ ይወጣና "አጥፋው!" ይላል። አንድ ቀን ብየዳ ላይ እያለሁ ባልዲ ውኃ በላዬ ላይ ደፋ። ኤሌክትሪኩ ሊገድለኝ ነበር። ያን ቀን ጥርሱን ነቀነቅሁለት። በሌላ ቀን ተሳፋሪ ደብድቦ ታስሮ ከፖሊስ ጣቢያ አወጣሁት። ጎኗን ይረግጣታል፣ አልፎ ሲሄድ ይተፋባታል። ቅናት ነው አልኩ። አብረን እንሮጥላት የነበረችውን እኔ ብቻዬን ያዝኳት፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? "አፍንጫህን ላስ፣ አንተም ባጃጅ አለህ" እለዋለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ነው መዶሻው ላይ የደረስነው።

ክንዱ በጀሶ ታስሮ ከሆስፒታል ሲመለስ እናታችን ወንድሟን አስጠርታ ነበር። አጎታችን ከጨለለቅቱ በላይ ካለው የትውልድ መንደራችን በሞተር ብስክሌት ደረሰ። የእኔን አፍንጫ አየ፣ የወንድሜን ክንድ አየ፣ መኪናዋን አየ።

"ደም የታየበት የወንድማማች ጠብ ቤት ውስጥ አይታጠብም" አለ። "ሶንጎ ትወጣላችሁ።"

ሶንጎ የመንደራችን ሽማግሌዎች ነገር የሚሰሙበት፣ በትልልቅ ዛፎች ሥር ያለ ሣር ነው። ጴንጤውም ሌላውም፣ ፍርድ ቤት ያልጨረሰውን ይዞ የሚወጣው እዚያ ነው። እዚያ የሚዋሽ ሰው የለም ሲሉ ሰምቼ አድጌያለሁ፤ ዋሽቶ የወጣ ሰው ዘሩ አይባረክም ይላሉ። እኔ የምዋሸው አልነበረኝም። ተነሥቼ መዶሻውን፣ መስታወቱን፣ ባልዲውን አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩ። መጮህ ስጀምር ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ "ቁጭ በል፤ ዛፎቹ አልደነቆሩም" አሉኝ።

ወንድሜ ተጠየቀ። ዝም አለ። ደግመው አልጠየቁትም። ተቀምጠው ጠበቁት። ዝናብ ጀመረ፣ ማንም አልተነሣም። ጋቢያቸው ረጥቦ ተጣበቀ፣ ማንም አልተነሣም። እኔ መቀመጥ አቅቶኝ ስቁነጠነጥ አጎቴ ጉልበቴን ተጭኖ ያዘኝና ወንድሜን እያየ፣ "ከተማ ውስጥ ዝም አይነቅዝም ትላላችሁ" አለው። "እዚህ ግን ይነቅዛል።"

ያኔ ነው ወንድሜ የተናገረው።

"ያቃጠልኳት እኔ ነኝ።"

ዝናቡ መሃል በደንብ የሰማሁ አልመሰለኝም።

"ሰው ሲሮጥ አብሬ ሮጥኩ" አለ፣ ሣሩን እያየ። "ሌሎቹ መጋዘኑን ሲሰብሩ እኔ እሷን አየኋት። ልጅነታችንን ሙሉ ከኋላዋ ሮጠን አንድ ቀን ቆማልን አታውቅም። ጎማ አቀጣጥዬ በመስኮቷ ወረወርኩ። ሰውየው ከቤት ወጣ። የሚነደውን ጎማ በባዶ እጁ ጎትቶ ሊያወጣ ገባ። ያኔ እንኳ ብሄድ ኖሮ። አልሄድኩም። ከኋላው ገፍቼ መልሼ ወደ እሳቱ ከተትኩት። ሊወጣ ሲል ደግሜ ገፋሁት። በእጁ በሩን ይዞ ነበር፣ ብረቱ ግሏል፣ ቆዳው እዚያው ቀረ። ሲጮህ ሰማሁት። ዞሮ ፊቴን አየኝ። መኪናዋ ስትነሣ የሰማሁት ሞተር አይደለም፤ እሱን ነው።"

የተዘረጋልኝ የእጅ አንጓ ትዝ አለኝ። የተጠየፈኝ መስሎኝ ነበር። ነጋዴው የሚጨብጥበት መዳፍ አልነበረውም።

ተነሥቼ ወንድሜ ላይ ዘለልኩ። አጎቴና ሁለት ጎልማሶች ባይዙኝ ደህናውን ክንዱንም እሰብረው ነበር። "አንተ አውሬ!" እያልኩ ጮህኩ። ቀና ብሎ አላየኝም። የሶንጎው ሽማግሌ እስክደክም ጠበቁኝና ከተቀመጡበት ሳይነሡ ተናገሩ።

"የተበደለው ሰው እዚህ የለም። እኛ ማድረቅ የምንችለው የሁለታችሁን ደም ነው፤ የእሱን አንችልም" አሉ። ወደ እኔ ዞሩ፦ "አንተ ለሰበርከው ክንድ በግ ታመጣለህ። ክንዱ እስኪድን ደግሞ እጁ ትሆናለህ።" ወደ ወንድሜ ዞሩ፦ "አንተ የሰበርከውን ታቃናለህ። ስትድን ራስህ ነድተህ ሰውየው ደጅ ትወስዳታለህ። እዚህ ያልከውን እዚያ ትላለህ።"

"ቢያሳስረኝስ?" አለ ወንድሜ።

"ትታሰራለህ።"

"ቢገድለኝስ?"

"እንቀብርሃለን" አሉ ሽማግሌው፣ በጣም በተረጋጋ ድምፅ።

ወደ ጨለለቅቱ ስንወርድ መንገድ ላይ በጥፊ መታሁት። አልመለሰልኝም። ስለማይመልስልኝ ደግሜ መታሁት። ከሁሉ የባሰ ያናደደኝ እሱ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ጥፊ ሳይመልስ ያደረ ልጅ አልነበረም።

መኪናዋን መልሰን የሠራናት በስድብ ነው። እሱ በአንድ እጁ መብራት ይይዛል፣ እኔ ከሥሯ ሆኜ እረግመዋለሁ። ቁልፍ ሲያሳስት ቁልፉን መልሼ እወረውርበታለሁ። አንዳንድ ቀን እንዲህ እንደዋልን እናታችን ምግብ ስታመጣ ፊት ለፊት ተቀምጠን ከአንድ ትሪ እንበላለን፣ ቃል አንተነፍስም። ኮፈኗን ሲያቃና መዶሻውን እኔ ነኝ ያቀበልኩት። ስሰጠው ወዲያው አልለቀቅሁለትም፣ ፈርቼው ይሁን ጠልቼው አላውቅም። ቀለም ልቀባ ስል ግን ያን ሰሞን የመጀመሪያውን ቃል ተናገረኝ።

"የተቃጠለውን ጎን አትንካው። እንዳለ ይያት።"

ስለዚህ በአንድ ጎኗ ቀይ፣ በሌላው እንደከሰለች ቀረች። ጀሶው ተፈትቶ ክንዱ ካምቢዮ ለመያዝ ሲበቃ፣ እናታችን በሩ ላይ ቆማ ሸኘችን።

"ሁለት ሆናችሁ ነው የምትሄዱት" አለች። "ሁለት ሆናችሁ ኑልኝ።"

እሱ መሪውን ያዘ፣ እኔ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መንገዱን ሙሉ ሰው እየጮኸ ይሸኘናል፣ የባጃጅ ሾፌሮች ጡሩምባ ይነፋሉ፣ ልጆች ከኋላችን ይሮጣሉ። ወንድሜ ግን ፊቱ ላብ በላብ ነበር። ወናጎን ስናልፍ ቆመና በሩን ከፍቶ አስታወከ። ይመለሳል ብዬ ነበር። አልተመለሰም።

የፈረሰው መጋዘን ጋ ስንደርስ ሽማግሌው ነጋዴ ደጅ ቆሞ ጠበቀን። ድምፅዋን ከሩቅ ለይቷል፣ ልክ እኛ ልጆች ሆነን እንደምንለየው። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ወንድሜ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደና አቧራው ላይ ተንበረከከ።

"ጋሼ፣ ያቃጠልኳት እኔ ነኝ" አለ። "አንተንም እሳት ውስጥ የከተትኩህ እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለ ሽማግሌው። ዓይኑን ገለጠ። "እሳት ብርሃን አለው። ፊትህን ደህና አድርጎ አሳይቶኛል።" ከዚያ በአገጩ እኔን ጠቆመ። "ይሄ ልጅ መኪና ልግዛ ብሎ ሲመጣ ያንን ፊት ይዞ መጣ። ብረት ለሚሰበስቡት ሁሉ እምቢ ያልኩት ማንን ስጠብቅ ነበር? ለፖሊስ ብነግር ታስረህ ትፈታለህ። እኔ በየጧቱ ደጅህ ላይ እንድታገኛት ነው የፈለግሁት።"

ሞኝ ያልኩት ሰው! እሱ ነው በእኔ እጅ እሳቱን ግቢያችን ድረስ የላከው። ደሜ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ።

"እኔ ምን በደልኩህ?" ብዬ ጮህኩበት። "ወንድሜን ልገድለው ነበር እኮ! እናቴ ልትቀብረው ነበር!"

"ትጋደሉ ይሆናል ብዬ አስቤያለሁ" አለ። "ብዙ ቀን ያ ሐሳብ ደስ ብሎኛል።"

እንዲህ ያለ ነገር ሰው ፊት ለፊት ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ሽማግሌው ወደ ወንድሜ ቀረበና እጁን አነሣ። መዳፉ የሚያብረቀርቅ ቆዳ ብቻ ነበር፣ ጣቶቹ ተጣጥፈው ቀርተዋል። በዚያ እጁ ወንድሜን በጥፊ መታው። ጥፊው ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ሽማግሌው ራሱ አሞት ፊቱ ተኮማተረ። ደግሞ መታው፣ ደግሞም። ወንድሜ አንገቱን አስግጎ፣ እንዲመቸው ፊቱን እያስጠጋለት፣ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ ተቀበለ። እኔ ሰው ሲደበደብ ዝም ብዬ አይቼ አላውቅም። ያን ቀን አየሁ።

ሽማግሌው ሲደክመው በተቃጠለው ጎን ዞረ። በሩን መክፈት አቃተው፣ እጁ አይጨብጥም። ወንድሜ ተነሥቶ ከፈተለትና ደግፎ አስቀመጠው።

"ንዳ" አለ ሽማግሌው።

ወንበሯ ሁለት ብቻ ነው። እኔን ማንም ቦታ አልጠየቀኝም። ወንድሜ መሪውን ይዞ ወደ ጨለለቅቱ አቅጣጫ ወጣ፣ ቀዩ ጎኗ በእኔ በኩል ሆኖ አለፈ፣ እንደ ድሮው አቧራዋን አልብሳኝ ሄደች። የት እንደሚወስደው፣ ሽማግሌው በልቡ ምን እንደያዘ፣ ገደሉ ጋ ሲደርሱ መሪውን ይነጥቀው እንደሆነ አላውቅም። ላስቆማቸው መሮጥ ጀምሬ ነበር። ትንሽ ሮጬ ቆምኩ።

ስልኬ ጮኸ። እናቴ ነበረች።

"ሁለት ናችሁ ወይ?" አለች።

ጆሮዬን ወደ መንገዱ አዘነበልኩ። ዳገቱ ላይ ማርሽ ሲቀይር ድምፅዋ ገና ይሰማኝ ነበር።

"ሁለት ነን፣ እማ" አልኳት።